ውል ሳትፈርሙ ለምትሰሩ

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ምንም አልፈረምኩም።»

የጎረቤታችን ልጅ ናት። አንድ የልብስ መደብር ውስጥ 14 ወር በካሽየርነት ሰርታለች። አንድ ሰኞ ጠዋት ስትገባ ሥራ አስኪያጁ «ከዛሬ ጀምሮ አትምጪ» አላት። ለምን ብላ ስትጠይቀው «ውል የለሽም፣ ምን ይዘሽ ነው የምትጠይቂኝ?» አላት። እሷም አመነችው። ከሁለት ወር በላይ ሌላ ሥራ ስትፈልግ ከረመች። ወደ እኔ የመጣችውም ስለ መብቷ ልትጠይቅ አልነበረም። ሲቪዋን እንዳስተካክልላት ነበር። የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ዓመታት መስራቴን ታውቃለች።

«እስቲ ደሞዝ ስትቀበዪ ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት።

«ፔይሮል ላይ እፈርማለሁ።»

«ጠዋት ስትገቢስ?»

«አቴንዳንስ ላይ እፈርማለሁ።»

«ማታ ሂሳብ ስታስረክቢስ?»

ዝም አለች። ቆይታ «ለካ ስፈርም ነው የኖርኩት» አለች።

ይህን የምጽፈው እሷ የሰማችውን ዓይነት ቃል ሰምተው አንገታቸውን ደፍተው የሚወጡ ብዙ ሰዎች ስላየሁ ነው። ተራ በተራ እንየው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሁፍ ያለ ይወረሳል» እየተባልን ስላደግን፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ሁሉ የሌለ ይመስለናል። የስራ ውልን በተመለከተ ግን ሕጉ እንዲህ አይልም። በግል ድርጅት ውስጥ የሚሰራን ሰው የሚመለከተው የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 4 ላይ የስራ ውል መቼ እንደሚመሰረት ይናገራል። አንድ ሰው ደሞዝ እየተከፈለው፣ በአሰሪው አመራር ስር ሆኖ ሥራ ለመስራት «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መንገድ» ከተስማማ ውል አለ። በተዘዋዋሪ የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሰኞ ና ተብላችሁ ሰኞ መጥታችሁ፣ ሥራ ተሰጥቷችሁ ሰርታችሁ፣ ወሩ ሲያልቅ ደሞዝ ከተከፈላችሁ ተዋውላችኋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 5 ደግሞ በሕግ በተለየ ሁኔታ ካልተደነገገ በስተቀር የስራ ውል የተለየ ፎርም እንደማያስፈልገው ይናገራል። በቃል ይሆናል፣ በጽሁፍም ይሆናል።

ታዲያ ወረቀቱ የማን ሥራ ነው? የአሰሪው ነው። አንቀጽ 7ን አንብቡት። ውሉ በጽሁፍ ካልተደረገ፣ አሰሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሁፍ ለሰራተኛው መስጠት አለበት። የሁለቱን ወገኖች ስምና አድራሻ፣ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደሞዙን መጠንና የአከፋፈሉን ሁኔታ፣ ውሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጸና ይጽፋል። ሰራተኛው ሄዶ «ውሌን ስጡኝ» ብሎ እስኪለምን መጠበቅ የለበትም።

ከዚያ አንቀጽ 8 ይመጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከአዋጁ ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። የውሉ ወረቀት በሕጉ መሠረት አለመዘጋጀቱ ሰራተኛው በአዋጁ ያገኛቸውን መብቶች እንደማያሳጣው ይናገራል። «ውል የለሽም» ለሚል አሰሪ መልሱ እዚያው ተቀምጧል። ወረቀቱን ያልሰጠው እሱ ነው። በራሱ ጥፋት ሊጠቀም አይችልም።

እንዲያውም ነገሩን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት፣ ወረቀቱ ባለመኖሩ የሚጎዳው በአብዛኛው አሰሪው ራሱ ነው።

የሙከራ ጊዜን ውሰዱ። ብዙ ቦታ አዲስ ሰራተኛ «ገና ሙከራ ላይ ነህ» ይባላል። ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይባላል። ሕጉ የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሁፍ መሆን እንዳለበት ያስገድዳል። ርዝመቱም ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ የጽሁፍ ስምምነት ከሌለ የሙከራ ጊዜ የለም። ሥራ በጀመራችሁ በሦስተኛው ሳምንት «ሙከራውን አላለፍሽም» ብትባሉ፣ የትኛውን ሙከራ? ብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

የቆይታ ጊዜውም እንደዚያው ነው። «አንተ ጊዜያዊ ነህ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስፈራል። በሕጉ መነሻው ተቃራኒ ነው። ማንኛውም የስራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ በተለምዶ ቋሚ የምንለው ማለት ነው። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ለምሳሌ ፈቃድ የወጣን ወይም የታመመን ሰው ለመተካት፣ ወቅት ጠብቆ ለሚመጣ ሥራ፣ ድንገት ለተደራረበ ሥራ። ካሽየር ግን መደብሩ እስካለ ድረስ የምታስፈልግ ሰው ናት። ፊርማ የሰፈረበት የስድስት ወር ኮንትራት ቢኖር እንኳ የሥራው ጠባይ ቋሚ ከሆነ አከራካሪ ነው። ጭራሽ ወረቀት በሌለበት ደግሞ ጊዜያዊ ነበረች የሚል አሰሪ ከእነዚህ ሁኔታዎች የትኛው እንደነበረ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ከደሞዝ መቁረጥም አለ። ካሽየሮች ይሄን በደንብ ያውቁታል። ማታ ሂሳብ ሲጎድል ከደሞዝ ይቆረጣል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት (የሰራተኛ ማህበር ከአሰሪው ጋር የሚዋዋለው)፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ በስተቀር፣ ለመቁረጥ የሰራተኛው የጽሁፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ቢፈቀድም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ወረቀት አልሰጠም የተባለው አሰሪ፣ እዚህ ጋ ወረቀት አምጣ ሲባል የለውም።

ሌላው ሁሉ የታወቀ ነው፤ ቶሎ ልለፈው። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት። ከዚያ በላይ ትርፍ ሰዓት ነው፤ ቀን ከሆነ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ እረፍት። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ። ለወላድ 120 ቀን፤ 30 ከመውለዷ በፊት፣ 90 ከወለደች በኋላ። ጡረታም አለ፤ አሰሪው 11 በመቶ፣ ሰራተኛው 7 በመቶ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም «ውል ለፈረመ ብቻ» አይልም።

አሁን አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። ለዚህ ነው በተለይ መጻፍ የፈለግኩት።

አንዳንድ አሰሪ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል፤ ከዚያ አንድ ቀን ወረቀት ይዞ ይመጣል። ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው ተብሎ ይሆናል፣ ወይም ሰው ሊቀንስ አስቦ። ወረቀቱ ላይ ደሞዙ ከምታገኙት ያነሰ ነው። ወይም «ውሉ ለ6 ወር የሚቆይ» ይላል። ወይም ሥራ የጀመራችሁበት ቀን ያለፈው ሳምንት ተደርጓል። ብዙ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል፤ «አልፈርምበትም እንጂ ምን ያደርገኛል» ይላል።

ያደርጋል። አንቀጽ 7 ሁለተኛ ክፍል አለው። አሰሪው የሰጣችሁን ጽሁፍ በተቀበላችሁ በ15 ቀን ውስጥ በሙሉም ሆነ በከፊል ካልተቃወማችሁት እንደ ውላችሁ ይቆጠራል። ባትፈርሙበትም። ዝምታችሁ እንደ ፊርማ ነው። ስለዚህ ወረቀት ሲሰጣችሁ የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉ። ያልተስማማችሁበትን ነገር በጽሁፍ መልሱ። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ «በዚህ ቀን በሰጣችሁኝ ጽሁፍ ላይ የተገለጸው የደሞዝ መጠን እና የቅጥር ቀን ትክክል አይደለም፤ ደሞዜ ይህን ያህል ነው፤ ሥራ የጀመርኩት በዚህ ቀን ነው» ይበቃል። በሁለት ኮፒ አድርጋችሁ አንዱ ላይ ተቀብያለሁ ብለው እንዲፈርሙላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላኩት፤ የተላከበት ቀን እንዲታይ ሆኖ ስክሪንሹት ይቀመጥ።

እስከ ዛሬ ሲከፈላችሁ የነበረውን ደሞዝ አሰሪው ተነስቶ ብቻውን ሊቀንሰውም አይችልም። የስራ ውል ሁኔታ የሚሻሻለው በኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ ወይም ሁለታችሁ በጽሁፍ ስትስማሙ ነው። ከሕጉ ያነሰ መብት የሚሰጥ ውል ደግሞ ብትፈርሙበትም ያ ክፍሉ ዋጋ የለውም።

ይህ አዋጅ የማይመለከታቸው ሰዎችም አሉ፤ በከንቱ ተስፋ መስጠት አልፈልግም። የመንግሥት ሰራተኛ በራሱ ሕግ ይተዳደራል። በሰው ቤት ለግል አገልግሎት የተቀጠሩ፣ የቤት ሰራተኞችን ጨምሮ፣ ከአዋጁ ውጭ ናቸው። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ያለ ወረቀት በመስራት እነሱን የሚስተካከል የለም፤ የቀራቸው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሥራ መሪዎችም ውጭ ናቸው። የሥራ መሪ የሚባለው ግን «ማናጀር» የሚል ባጅ ያንጠለጠለ ሁሉ አይደለም። የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣት ወይም ሰራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። አሰሪ ሲጨንቀው የፈረቃ አስተባባሪውን ሁሉ የሥራ መሪ ሊያደርገው ይሞክራል።

ሌላው የሚወደደው ቃል «ፍሪላንሰር» ነው። «እሱ ሰራተኛችን አይደለም፣ በኮሚሽን ነው የሚሰራው» ይባላል። በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ሥራ ተቀብሎ የሚሰራ ሰው እውነትም በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ቤቱን እንዲቀባ የተጠራ ቀለም ቀቢ፣ ዋጋ ተነጋግሮ፣ ብሩሹን ይዞ መጥቶ፣ ጨርሶ ይሄዳል። እናንተስ? የምትገቡበትን ሰዓት የሚወስነው ማን ነው? መቅረት ስትፈልጉ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ? ዕቃው የማን ነው? በቦታችሁ ሌላ ሰው ልካችሁ ማሰራት ትችላላችሁ? መልሱ ወደ አሰሪው ካመዘነ ሰራተኛ ናችሁ። የሚታየው በተግባር ያለው ግንኙነት እንጂ የወጣለት ስም አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 198 ይህንኑ ነው ያለው። በቀን መከፈልም ሰራተኝነትን አያሳጣም። ክፍያው በቀን፣ በሳምንት ወይም በወር መሆኑ የአከፋፈል ጉዳይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ ሲመጣ ጥያቄው «ፈርመሻል ወይ» ሳይሆን «ሰርተሻል ወይ» ነው። መስራታችሁን ደግሞ በብዙ መንገድ ማስረዳት ይቻላል። ደሞዝ በባንክ የሚገባላችሁ ከሆነ ስቴትመንት አውጡ፤ በየወሩ ከአንድ ላኪ ተመሳሳይ ብር መግባቱ ብዙ ይናገራል። የሥራ ባጅ፣ ዩኒፎርም ለብሳችሁ የተነሳችሁት ፎቶ፣ በስማችሁ የተቆረጠ ደረሰኝ፣ «ነገ በ2 ሰዓት ግቡ» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ አብረው የሰሩ ሰዎች ምስክርነት፣ ሁሉም ያገለግላል። ግሩፕ ላይ ያለውን ቶሎ አስቀምጡ። ሰው ከሥራ ሲወጣ መጀመሪያ የሚደረገው ከግሩፑ ማስወጣት ነው።

ፔይሮሉና አቴንዳንሱ በአሰሪው እጅ ነው ብላችሁ አትፍሩ። የደሞዝ አከፋፈል መዝገብ መያዝ ራሱ የሕግ ግዴታው ነው። ክስ ስታቀርቡ ሰነዱ የት እንዳለ ጠቅሳችሁ፣ ፍርድ ቤቱ አሰሪውን አምጣ ብሎ እንዲያዝላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

ስለ ስንብት ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸነፈው። «አትምጪ» የሚባለው በቃል ነው። ሰው አፍሮ፣ ተናዶ ቤቱ ይቀራል። ፍርድ ቤት ሲደርሱ አሰሪው «እኔ አላባረርኳትም፣ ራሷ ጠፋች» ይላል። በጽሁፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን የቀረን ሰራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ስለሚቻል፣ መቅረት ለአሰሪው ጥሩ መደበቂያ ነው። ስለዚህ በቃል ከተባረራችሁ በማግስቱ በሰዓታችሁ ተመለሱ። የሚያይ ሰው ይኑር። ካላስገቧችሁ እዚያው በር ላይ ቆማችሁ ለአለቃችሁ መልእክት ላኩ፦ «ትናንት አትምጪ ብለውኝ ዛሬም ለሥራ መጥቼ ጥበቃው እንዳያስገባኝ ታዟል፤ ከሥራ ተሰናብቼ ከሆነ ምክንያቱን በደብዳቤ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ።» መልስ ባይሰጥም ግድ የለም። ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቧል።

ሕጉ የሚፈልገው ስንብት በምክንያት እንዲሆን ነው። ማስጠንቀቂያ መስጠት በሚያስፈልግበት ጊዜ ደግሞ በጽሁፍ፣ ምክንያቱና ውሉ የሚቋረጥበት ቀን ተገልጾ ነው። የማስጠንቀቂያው ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከዚያ በላይ እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ 3 ወር ነው።

የእኛን ልጅ ጉዳይ በብር እንየው። ደሞዟ 6,000 ብር ነበር፤ በቀን 200። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ከተባለ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ሊያዝ ይችላል። ካልተመለሰች ካሣ አለ። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሰራተኛ ካሣ የቀን ደሞዙ 180 እጥፍ ነው፤ 36,000 ብር። በዚያ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ፤ 14 ወር ስለሰራች የ2 ወር፣ 12,000 ብር። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። እንደ ሁኔታው የስንብት ክፍያም አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ እየተጨመረ። አሰሪው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ የሚገባትን ካልከፈለ፣ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደሞዝ የሚደርስ ተጨማሪ ቅጣት ሊወስንበት ይችላል። «ምንም የለሽም» የተባለችው ልጅ ሂሳብ ይህ ነው።

ከአሰሪው ይልቅ የምፈራላችሁ ቀኑን ነው። ወደ ሥራ መመለስ የሚፈልግ ሰው ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። ከውሉ መቋረጥ ጋር የተያያዙ ክፍያዎች በ6 ወር ውስጥ። ያልተከፈለ ደሞዝና ትርፍ ሰዓትም በ6 ወር ውስጥ፤ ይህ ደግሞ የሚቆጠረው ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ነው። ማለትም እየሰራችሁ ሳላችሁ ነው የሚያልቀው። ዓመት ሙሉ ትርፍ ሰዓት ሰርቶ «ስወጣ እጠይቃለሁ» ያለ ሰው ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ክፍያ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ በማለፉ፣ ታግዶበታል። ልቤን የሚሰብረው ይሄኛው ነው። ዝም ያሉት አክብረው፣ ተማምነው ነው።

የት ይኬዳል? የሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉት፤ በተለይ ገና ሥራ ላይ ላላችሁ ጥሩ መነሻ ነው። ክስ የሚቀርበው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሰራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ በዚህ ፈርቶ የቀረ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ጠበቃ መቅጠር የማይችል በሕግ ትምህርት ቤቶች ስር ወዳሉ የነጻ የሕግ አገልግሎት ማእከሎች ይሂድ። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር በነጻ ይረዳል። ብቻ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለሱ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር የሥራ ልምድ ወረቀት ነው። ተጣልታችሁ ብትወጡም አሰሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሥራ ላይ እያላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ። ውል ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ አሰሪው ራሱ ማህተም አድርጎ የሰጠው ነውና። ገና ሰላም ሳለ፣ ለባንክ ወይም ለቪዛ ያስፈልገኛል ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ማንንም አያስቆጣም።

ልጅቷ በዚያው ሌሊት ሳጥኗን ስትበረብር አንድ እንዲህ ዓይነት ወረቀት አገኘች። ቤት ስትከራይ አከራይዋ የሥራ ቦታ ማረጋገጫ አምጪ ብለዋት መደብሩ የጻፈላት ነው። «ከዚህ ቀን ጀምሮ በካሽየርነት ተቀጥራ በወር ብር 6,000 እየተከፈላት በመስራት ላይ ትገኛለች» ይላል። ከስሩ ያለው ፊርማ «ውል የለሽም» ያላት ሰውዬ ፊርማ ነው።

ወደ እኔ የመጣችው ከተባረረች በ71ኛው ቀን ነበር። መዝገብ የከፈተችው በ76ኛው ቀን ነው። ጉዳዩ አሁን በቀጠሮ ላይ ነው።